ነገ ፎቶ አላት

መስከረም 3 ቀን 2007

ኢስራ ዛሬም ትምህርት ቤት አልሄደችም። ምዝገባው ሊያልቅ ነው። ጥርሴን አሞኛል ብላ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ጥርሷ ደህና ነው። ያመማት ፊቷ ነው። ብጉሩ ከግንባሯ ተነስቶ ጉንጯን ወረሰ፤ አሁን አገጯ ላይ እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድሯል። ልጄ በአሥራ ሰባት ዓመቷ መስታወት ትፈራለች።

የእኔ ሥራ ደግሞ ኮስሞቲክስ ነው። ክሬም፣ ፓውደር፣ የፀጉር ቅባት፣ በጅምላም በችርቻሮም። ትናንት ሁለት ሴቶች ሱቁ በር ላይ ቆመው በወላይትኛ ያወራሉ። የማልሰማ መስሏቸዋል፤ እዚሁ ሶዶ ተወልጄ። «የልጇን ፊት ያላዳነች ለእኛ ምን ልትሸጥልን ነው?» አለች አንዷ። ሌላዋ ሳቀች። ከዚያ ገቡና ሁለቱም ገዙ። እኔም ፈገግ ብዬ ሸጥኩላቸው።

መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ሞክሬላታለሁ። ባለቀይ ክዳኗን ብቻ አልሰጠኋትም። በሞያሌ በኩል የምትመጣ ትንሽ ቱቦ ናት፤ ስሟን ማንም አያነበውም፣ የምትጠራው በክዳኗ ነው። በሦስት ቀን ፊት ታጠራለች፣ ታለሰልሳለች። ከሱቄ እንደ እሷ ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ የለም። እኔ ራሴ ስቀባት ዓመታት አልፈዋል፤ ለዕቃዬ ምስክሩ ፊቴ ነው። ኢስራ ግን ገና ልጅ ናት።

መስከረም 7

አንዲት አጭር ፀጉር ያላት ሴት መጣች። ከየክሬሙ አንድ አንድ ይስጡኝ አለች። ዋጋ አልተከራከረችም። ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ያስፈራኛል፤ ከመንግሥት ቤት የተላከች መሰለችኝ።

«ሁሉንም ልትቀቢው ነው?»

«ላነበው ነው» አለች።

ዶክተር ሽታዬ ትባላለች፣ የቆዳ ሐኪም። እዚሁ ወላይታ የሃላሌ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ተምራ ከገበያው ጀርባ ያለው የግል ክሊኒክ ገብታለች። ሁለት የብጉር መድኃኒቶችን እያወዳደረች ነው። ለዚህ ሥራ ፊት የሚያነሳ ልዩ ካሜራ በውሰት አምጥታለች፤ አሁን ብጉር ያለባቸው ወጣቶች ትፈልጋለች።

«ፎቶማ ፎቶ ቤትም አለ» አልኳት።

«ፎቶ ቤት ያሳምራል፣ እትዬ። የእኔ አያሳምርም።»

ንግግሯን ወደድኩት። ዕቃዬ አያሳምርም እያለ የሚሸጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

መስከረም 12

ኢስራን ወሰድኳት። በባጃጁ መጋረጃ ተከልላ ነው የሄደችው።

ክፍሉ ትንሽ ነው፤ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ውስጡ ክፍት የሆነ ትልቅ ነጭ ድስት የሚመስል ነገር ተቀምጧል። ሰው ፊቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ አገጩን አንዱ መደገፊያ ላይ፣ ግንባሩን ሌላው ላይ ያሳርፋል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ አንድ ርቀት፣ አንድ ብርሃን። ይህ ቶሎ ገባኝ። ሚዛን ነው። ሚዛኑ ካልተለወጠ ዕቃው ጨመረ ቀነሰ ማለት ይቻላል።

ዶክተሯ ደንቧን ነገረችን። ሲመጡ ምንም አይቀባም፤ ፊት በውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ባዶውን ይቀርባል። ኢስራ ሻርፗን ጨብጣ ቆመች። ከሐምሌ ወዲህ እኔ እናቷ እንኳ ሙሉ ፊቷን በብርሃን አላየሁትም። ልቆጣት ስል ዶክተሯ ቀደመችኝ። ራሷ ሄዳ ተቀመጠች፣ አገጯን አስደገፈች፣ የራሷን ፊት አነሳችና ስክሪኑን ወደ ኢስራ አዞረችው። ጉንጯ ጠብታ የመታው አፈር ይመስላል፤ የድሮ ብጉር ጠባሳ ነው። «ባንቺ ዕድሜ ያተረፍኩት ነው» አለቻት። ኢስራ አየችው። ከዚያ ሻርፗን ፈታ ለእኔ ሰጠችኝ።

አንድ ጊዜ ተቀምጦ ሦስት ፎቶ ይወጣል። የመጀመሪያው ዓይን የሚያየውን ነው። ሁለተኛው ቅላትን ብቻ ለይቶ ያወጣል፤ ከቆዳ ሥር የተቆጣው ሁሉ ይታያል። ሦስተኛው በሰማያዊ ብርሃን ነው። በዚህኛው ፊቷ ጠቆረና ብጉር የሚያባብሰው ተህዋስ የተቀመጠበት ቀዳዳ ሁሉ ብርቱካን መስሎ በራ። አፍንጫዋ ዙሪያ፣ ግንባሯ ላይ፣ አገጯ ላይ ተዘርቷል።

እኔ ደነገጥኩ። ኢስራ ጠጋ ብላ አየችና «እማ፣ ማታ ዳሞታ ተራራ ላይ ሆነው ሶዶን ሲያዩዋት አይመስልም?» አለች። ዶክተሯ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ልጄ ከቀለደች ስንት ጊዜዋ!

ቢጫ ፕላስተር የተለጠፈበት ጄል ተሰጣት። ግማሾቹ ልጆች ቢጫ ይወስዳሉ፣ ግማሾቹ ሰማያዊ። ፎቶው በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው። «መብራቶቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ አብረን እናያለን» አለቻት።

ስትናገር አትቸኩልም፣ የማታውቀውንም አላውቅም ትላለች። ይህች ሴት ሱቅ ብትከፍት ደንበኞቼን ሁሉ ትወስድብኝ ነበር።

መስከረም 18

ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ። ሱቁ ከጠዋት እስከ ማታ ሙሉ። መቀመጥ የለም። ባለቀይ ክዳን አለቀች። ባሌ ኑሪ አዲስ አበባ ደውሎ ሌላ አዘዘ። ኢስራ ጄሉን ትቀባለች፣ ፊቷ ይላጣል፣ ትነጫነጫለች። ዶክተሯ መጀመሪያ ይደርቃል ብላለች። ጃንጥላዬን ረስቼ ወጥቼ ጉንጬ ሲነድ ዋለ። ፀሐዩ ነው።

መስከረም 24

አረፋ። ከተጋባን ጀምሮ አረፋን ሶዶ ስውል የመጀመሪያዬ ነው። ኑሪ ትንንሾቹን ልጆች ይዞ ስልጤ ሄደ። ኢስራ አልሄድም አለች። እዚያ ዘመድ ሁሉ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል። አማቴ ደውላ «የልጅ ልጄስ?» ስትለኝ «ጥርሷን አሟት ነው» አልኳት። የኢስራን ውሸት አሁን እኔ ማከፋፈል ጀመርኩ።

ከሰዓት መስታወት ፊት አገኘኋት። «በዚህ ፊት ነው ደግሞ ፎቶ የምነሳው?» አለች።

ነገሩን አሰብኩት። ፎቶ ሊነሳ ሲሄድ ፊቱን እንዳለ ይዞ የሚሄድ ማን አለ? እኔን አባቴ ፎቶ ቤት ሲወስደኝ እናቴ ጫማ ተውሳ፣ ፊቴን ቫዝሊን ለቅልቃ ነው የላከችኝ። ያ ፎቶ ዛሬም ግድግዳችን ላይ አለ። ዶክተሯም ያለችው «ሲመጡ» ነው። ሲመጡ ምንም አይቀባ። ቀደም ብሎ ስለሚሆነው ያለችው ነገር የለም።

ከባለቀይ ክዳኗ የራሴን አወጣሁላት። ትንሽ ነው። ለፎቶው ብቻ።

መስከረም 27

ጠዋት ፊቷን በሳሙና ደህና አድርጌ አጠብኩላት። ደንቡ ተጠብቋል።

ፎቶው አማረ። ቅላቱ ጠፍቷል፣ አገጯ ረግቷል። ዶክተሯ የፊተኛውንና የዛሬውን ጎን ለጎን አድርጋ ብጉሮቹን በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካች ቆጠረች። «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ» አለች። ሰማያዊውን ግን ደጋግማ አየችው።

ኢስራ ከክሊኒኩ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄደች፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጥላ። መንገድ ዳር ቆሜ እስክትታጠፍ አየኋት። ሱቅ ዘግይቼ ከፈትኩ።

ጥቅምት 11

ዛሬ የሆነው ያስቃል። የሰብለ እናት መጣች፤ ልጇ እንደ ኢስራ ክሊኒኩ የምትመላለስ ናት።

«ያቺን ባለቀይ ክዳን። ሰብሌ ነገ ፎቶ አላት።»

ቆይቶ አንዲት ከአረካ በሚኒባስ የመጣች እናት፣ ያው ቃል፦ ነገ ፎቶ አላት። ከዚያ መምህር ወልደመስቀል ግራ ቀኝ አይቶ ገባ። የጦና አባት ነው፤ ጦናም እዚያው ነው የሚታከመው።

«ለሚስትህ ነው?» አልኩት።

«ለራሴ ነው» አለና አፈረ። «ኧረ እባክሽ፣ ልጁ እንደ ሙሽራ ይንቀጠቀጣል። ፎቶ ነው ይለኛል።»

እስከ ማታ መደርደሪያው ባዶ ሆነ፤ ኢስራን እንኳ ሰሞኑን ለፎቶው የምቀባት ከራሴ ነው። አንዳንዶቹ ሳምንት ሙሉ እንደቀቡ ነገሩኝ። ለኑሪ ሳወራለት «ዶክተሯ ኮሚሽን ይገባታል» አለ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ምክንያቱን አላውቅም።

ጥቅምት 12

ዶክተሯ ከፍቷታል።

የኢስራ ተራ ሲደርስ ሦስቱንም ፎቶ አሳየችን። በዓይን የሚታየው ከበፊቱም ያምራል። በሰማያዊው ግን ሶዶ እንዳለች ናት፤ አንድም መብራት አልጠፋም። በቅላቱ ፎቶ ደግሞ ብጉር በሌለበት ሜዳ ላይ ሁሉ ቀይ ፈስሷል። «ፎቶዎቹ ሊስማሙ አልቻሉም» አለች። «የብዙዎቹ ልጆች እንዲህ ነው፣ ቢጫውን ጄል የሚቀቡትም ሰማያዊውን የሚቀቡትም። የካሜራው መብራት ሳይበላሽ አይቀርም።»

ነጭ ካርድ አስቀምጣ አነሳች። የራሷን ፊት አነሳች። ዘበኛውን ማሞን ጠርታ አነሳችው። «ዶክተር፣ እኔ ብጉር የለኝም» ይላል ማሞ አገጩን አስደግፎ፣ «ለመታወቂያ ይሆነኛል?»

ሌላ ሐኪም ቢሆን ያማረውን ፎቶ ይዞ መድኃኒቴ ሠራ ብሎ ያስጨበጭብ ነበር። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። እሷ ግን የሚያስደስታትን ነገር ከሁሉ አብልጣ ትጠረጥራለች። እንዲህ ያለ ጭንቅላት አላየሁም።

ስንወጣ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ካሜራው አይታመንም፣ ልመልሰው ነው። አዎ፣ ጥናቱ ይቆማል። ልጆቹን ምን እንደምላቸው እንጃ።»

ጥቅምት 14

ዕቃ መጣ። ከእሱ ውስጥ ሦስት ካርቶን ባለቀይ ክዳን። ቦታ ጠፋ፣ አልጋ ሥር ገባ።

የኢስራ ፊት ተነሳ። ከፎቶው ወዲህ ክሬሙን ስላቆመች ነው መሰለኝ፣ ከበፊቱ ብሶ ቀላ።

«እማ፣ ያቺን ስጪኝ።»

«ለፎቶ ብቻ ነው ብዬሻለሁ።»

«አንቺ በየቀኑ ትቀቢ የለ?»

«እኔ ሌላ ነኝ።»

«እንዴት?»

ሽንኩርት ላቁላላ ወጣሁ። እሳት ፊት መቆም አልቻልኩም፣ ጉንጬ ሊፈነዳ ደረሰ። ምድጃው በጣም ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው፤ ለኑሪ ከፍ አድርግልኝ ማለት አለብኝ።

ዶክተሯ ነገ ካሜራውን ጭና ልትመልሰው ነው አሉ። ስለ ንግዴ አልፈራም። በባለቀይ ክዳን ብቻ አልኖርኩም። ይህን ቀደም ብዬም ጽፌው ይሆናል።

ጥቅምት 15

ክሊኒኩ እንደተከፈተ ደረስኩ። ማሞ ካሜራውን በስፖንጅ እየጠቀለለ ነበር። «ቆይ» አልኩት። ለዶክተሯም ቆሜ ነገርኳት።

«ዶክተር፣ ማሽንሽ አልተበላሸም። ልጆቹ ለፎቶ ሲባል ክሬም ይቀባሉ። ከእኔ ነው የሚገዙት። ኢስራንም የቀባኋት እኔ ነኝ።» ቱቦዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች፣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መሰለኝ። ትስቃለች።

«ማሽኑ ደህና ነው ማለት ነው» አለች። «እትዬ ሳቢራ፣ እኔ ሦስት ሌሊት ገመድ ስፈታ ነው ያደርኩት።»

ከዚያ አስረዳችኝ። ክሬሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ለከባድ የቆዳ ሕመም፣ ለጥቂት ቀን፣ በሐኪም የሚታዘዝ ነው። ከላይ ያለውን ቅላት ለጊዜው ያፍነዋል። ብጉሩ ግን ከሥር አልተነካም፤ ቆዳው እየሳሳ የደም ሥሩ ይገለጣል፣ ሲቆም ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳል። በዓይን የሚታየው ፎቶ ተታለለ፣ ሌሎቹ ሁለቱ አልተታለሉም።

«ጥፋቱ የእኔም ነው» አለች። «ሲመጡ አትቀቡ ነው ያልኩት፣ ከዚያ በፊትስ ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ ራሴ ሃላሌ ትምህርት ቤት ፎቶ አንሺ ሲመጣ እናቴ ፊቴን ቅቤ ቀብታ የጎረቤት ቀሚስ አልብሳኝ ነው የሄድኩት። ፎቶ ያልኳቸው ጊዜ ማሰብ ነበረብኝ።»

ልጆቹ ክሬሙን አቁመው ጥናቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። መጀመሪያ ግን ፊታቸው ይብሳል፣ ምናልባት ለሳምንታት። «ይህን ለእናቶቹ ማን ይንገራቸው? አያምኑኝም።»

«የገዙት ከእኔ ነው፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

አየችኝ፣ ረጅም። «እርስዎስ ስንት ዓመት ተቀቡት?»

«ሙቀት ነው» አልኳት። ስለ ሙቀት አልጠየቀችኝም ነበር። ሱቅ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 19

ክሊኒኩ ግቢ ተሰበሰቡ፤ እናቶች፣ መምህር ወልደመስቀል፣ ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው። ተናገርኩ። እኔ የሸጥኩላችሁ ነገር የልጆቹን ፊት ይጎዳል፣ አቁሙ፤ ያልተከፈተ ያላችሁ መልሱልኝ።

ከዚያ የሰብለ እናት ተነሳች። «ሳቢራ፣ ትናንት ፊቴን እይ እያልሽ ሸጥሽልን። ዛሬም ፊትሽ ያው ነው፣ እንደ ቲማቲም ያበራል። ለራስሽ እየቀባሽ የእኛ ልጅ ይተው ትያለሽ? ወይስ ዋጋ ልትጨምሪበት ነው?»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ብሆንም እንደዚያ ነበር የምለው። ነጋዴ ነኝ፤ ሰው በቃል አይገዛም።

ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለ። ሻርፔን አወረድኩና ለኢስራ ሰጠኋት። ፊቴን ታጠብኩ፤ ፓውደሩ፣ ክሬሙ፣ ሁሉም ወረደ። ከሠርጌ ወዲህ በሰው ፊት እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ውሃው ሲነካኝ አቃጠለኝ። ማንም አልሳቀም።

ገብቼ አገጬን አስደገፍኩ። ውስጡ ነጭ ነው፣ ጸጥ ያለ። ብርሃኑ ሦስቴ ብልጭ አለ። ዶክተሯ «ይታይ?» አለችኝ በጆሮዬ። «ለዚህ አይደል የመጣሁት» አልኳት። ስክሪኑን ወደ በሩ አዞረችው።

በቅላቱ ፎቶ ላይ የሁለት ጉንጬ የደም ሥሮች የቅጠል ጅማት መስለው ተዘርግተዋል። ብጉር የለም። ሌላ ምንም የለም። ቀይ ነው፣ ከዓይኔ ሥር እስከ አገጬ።

የሰብለ እናት አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ ሳቢራዬ! ያምሻል?»

«ያመኛል» አልኩ። ለካ ያመኛል።

ዶክተሯ ስለ እኔ አንድ ቃል አልጨመረችም፤ የሚጨመር እንደሌለ ገባት። መምህር ወልደመስቀል ከኪሱ የተጋመሰች ቱቦ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንድ በአንድ ተከተሉት። ኢስራ ሻርፔን ስታለብሰኝ ፊቴን አልሸፈነችውም፤ ፀጉሬ ላይ ብቻ አሰረችልኝ።

ጥቅምት 22

የአረካው ነጋዴ ቦጋለ ሦስቱን ካርቶን እወስዳለሁ ብሎ መጣ። ኑሪ አየኝ። «አረካም ልጆች አሉ» አልኩት። ኑሪ አንዴ ተነፈሰና ካርቶኖቹን ወደ ጓሮ ጎተተ። ከመጸዳጃው ጉድጓድ አጠገብ ቱቦውን አንድ በአንድ ስንጨምቅ አመሸን። «ሶዶ ውስጥ ፊቱ የጠራ ሽንት ቤት ያለን እኛ ብቻ ነን» አለ። ይህን ሰው ለምን እንዳገባሁት አስታወሰኝ።

ኅዳር 4

ከባድ ሳምንት። ፊቴ አብጧል፣ ይላጣል፣ በሌሊት ይበላኛል። ዶክተሯ የምቀባው ሰጥታኛለች፣ ቀስ ይላል። ደንበኛ ቀነሰ። አንዷ ከበር ላይ አይታኝ ተመለሰች።

የኢስራም ብጉር ወጥቷል፣ ከመስከረሙ የከፋ። ዛሬ ጠዋት ትቀራለች ብዬ ነበር። ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሻርፗ ፀጉሯ ላይ ብቻ ነው።

«ልጆቹ አንድ ነገር ቢሉሽስ?»

«እናንተ ሦስት ፎቶ አላችሁ? እላቸዋለሁ።»

ሄደች። እኔ ይህን ያህል ድፍረት በአሥራ ሰባት ዓመቴ አልነበረኝም። አሁንም ካለኝ ከእሷ የተቀዳ ነው።

ኅዳር 30

ጥናቱ እንደገና ከተጀመረ ሁለተኛው ፎቶ። ዶክተሯ ሁሉንም ልጆች በበሩ ላይ ትጠይቃለች፦ ትናንት ምን ተቀባሽ? ከትናንት በስቲያስ? ባለፈው ሳምንትስ? ማሞም ለምዶ ከበሩ ውጭ ሆኖ ይጠይቃቸዋል።

የኢስራ ፊት በዓይን ሲታይ ገና ነው። በሰማያዊው ግን ግንባሯ ላይ ጨለማ ሆነ። ዶክተሯ በጣቷ አሳየቻት። «ይህ ሠፈር መብራት ጠፍቶበታል።»

«በሶዶ የለመድነው ነው» አለች ልጄ።

ታኅሣሥ 14

ለነገ ፎቶ አለ። ከዱቦ አንዲት እናት መጣች፤ ልጇ አዲስ የተመዘገበች ናት። እንደገባች ቁና ቁና እየተነፈሰች «ባለቀይ ክዳን የሚሏት አለች አሉኝ» አለች። «ልጄ ነገ ፎቶ አላት።»

«የለችም።»

«እና ምን ልቀባት?»

«ምንም። በውሃ አጥቢያትና ይዘሻት ሂጂ።»

«ባዶዋን? ፎቶ ነው እኮ የምልሽ!»

«ባዶዋን።»

ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ትኩር ብላ አየችኝ፤ ጉንጬን፣ አገጬን፣ ገና ያልጠፋውን ቅላት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እህቴ፣ አሞሻል እንዴ?»

«አይ» አልኳት። «ፊቴ ነው።»